መጨረሻው የሚታወቅ ዕቁብ

በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ለቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር

ዓመቱ ሊያልቅ በጣት የሚቆጠሩ ቀናት ቀርተውታል።

የዕድራችሁ ሰብሳቢ ደውለው «በሚመጣው ዓመት የቤት ነገር ምን ሊሆን ነው? መጥተህ አስረዳን» ሲሉኝ፣ አዳራሹን የሚሞላው ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ግማሹ ዕጣ የወጣለት ነው። ግማሹ ዕጣ ከወጣለት ሰው የተከራየ ነው። ከተከራዩትም ብዙዎቹ የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው ዕጣ ይጠብቃሉ» አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይህ ንግግራቸው ከአእምሮዬ አልወጣም። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ጎረቤታሞች ናችሁ። የቤት ጉዳይ ሲነሣ ግን ሦስት ዓይነት ሰው ትሆናላችሁ፤ ባለቤት፣ ተከራይና ተራ ጠባቂ። ዛሬ የምናገረው ለሦስቱም ነው።

ሐሳቤ አንድ ነው፤ ከተለያየ ማዕዘን እያየሁ እመላለስበታለሁ። የቤት ዕጣችን እንደ ዕቁብ ዕጣ መጨረሻው ይታወቅ እላለሁ።

ዕቁብን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሃያ ሰው ሆነን በየሳምንቱ ብንጥል፣ በሃያኛው ሳምንት ዕቁቡ ያልቃል። ማን እንደሚቀድም በዕጣ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የፈጣሪ ፈቃድ ነው። ሳይደርሰው የሚቀር ሰው እንደሌለ ግን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው በሰላም ይተኛል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ የወሰደ ሰው ዋስ ይጠራል። ልጁን የሚድር ወይም ሕመም የገባበት ሰው ሲኖር ደግሞ ዳኛውን ያማክራል፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው ተራውን ይለውጥለታል። አያቶቻችን የሠሩት ይህ ሥርዓት ሕግ ያጠና ሰው አላረቀቀውም። ነገር ግን በውስጡ ሦስት ቁም ነገር አለ። የዕቁብተኛው ቁጥር ይታወቃል፤ ማለቂያው ይታወቃል፤ መለዋወጥ ይቻላል።

የቤት ዕጣችን ከዕቁብ የወሰደው ዕጣውን ብቻ ነው። ሦስቱ ቁም ነገሮች ቀርተዋል።

ወደ ኋላ ትንሽ ልመልሳችሁ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ ድኻ ቤት የቀበሌ ቤት ነበር። ኪራዩ ርካሽ ነው፤ አዳሽ ግን አልነበረውም፤ ግድግዳው ከጭቃ፣ ጣሪያው ከዛገ ቆርቆሮ ሆኖ አረጀ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን፣ ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከጂ.ቲ.ዜድ. ጋር ወጪ ቆጣቢ የቤት ግንባታ ተጠናና ገርጂ ላይ ተሞከረ። በ1997 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባው ተከፈተ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰለፈ።

ያን ጊዜ የተሠራው ሥራ ትልቅ እንደነበረ ሳልመሰክር አላልፍም። እኔ በሙያዬ የግንባታ መሐንዲስ ነኝ፤ ወጣትነቴ ያለፈው በእነዚህ ቤቶች የግንባታ ሳይቶች ላይ ነው። ብሎኬቱን የሚያመርቱት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ልጆች ነበሩ። በርና መስኮቱን የሚበይዱት፣ የአግሮስቶን ግድግዳውን የሚገጥሙት እነርሱ ነበሩ። ብዙዎቹ ሙያቸውን ያገኙት እዚያ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ከ200 ሺህ በላይ ቤት ተሠርቶ ለሕዝብ ተላልፏል። በአፍሪካ ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ ይህን ያህል የሠራ ከተማ ብዙ አይደለም። የቀበሌ ቤት ውስጥ አርጅታ ዕጣ የወጣላት እናት ቁልፏን ስትቀበል እልል ስትል አይቻለሁ፤ አብሬያት አልቅሻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረውን ሥራውን እንደማጣጣል አትዩብኝ። የተጀመረ ነገር ይጨረስ እያልሁ ነው።

ምክንያቱም በ2005 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዝገባ መጣ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ተባለ፤ ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ ገዢው የሚቆጥበውና በብድር የሚሸፈነው ድርሻ ማለት ነው። ነባሩም አዲሱም ሲደመር ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። እስኪ ቁጥሩን ከፊታችሁ አስቀምጡት፤ ከሃያ ዓመት ጥረት በኋላ የተላለፈው ቤት ሁለት መቶ ሺህን ያለፈ ነው፤ የተመዘገበው ወደ ሚሊዮን የሚጠጋ ነው። ይህን ዕቁብ የሚሰበስብ ዳኛ ቢኖር ገና በመጀመሪያው ቀን «ወገኖቼ፣ ይህ በዕድሜያችን አያልቅም» ባለ ነበር።

የቁጠባውን ነገር በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የ20/80 ባለሁለት መኝታ ተመዝጋቢ በወር 561 ብር እንዲቆጥብ ነበር ውሉ። ውሉን አክብሮ፣ ልጅ ሲታመም ሳያቋርጥ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር ሳያቋርጥ፣ 12 ዓመት ሙሉ ቢቆጥብ ዛሬ ያጠራቀመው ዋና ገንዘብ 80,784 ብር ነው። በ2005 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ20 ብር በታች ይመነዘር ነበር። ዛሬ ከ130 ብር አልፏል። ብረቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሰውየው ቆጥቧል፤ የቆጠበው ግን እጁ ላይ ሟሟ። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በየወሩ ባንክ ቤት ሄዶ የከፈለ ሰው ቃሉን ጠብቋል፤ ቃሉን መጠበቅ የሚቀረው ሌላው ወገን ነው።

ዕጣውም ቢሆን በወጣ ጊዜ ሁልጊዜ ሰላም አላመጣም። የካቲት 2011 ዓ.ም. ለ51,229 ቤቶች ዕጣ ወጣ። ከነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ እዚህ ጎረቤታችን ኮዬ ፈጬ ያሉ ነበሩ። ወዲያው መሬቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ርክክቡ ቆመ፤ ስማቸው በጋዜጣ የወጣ ሰዎች ቁልፍ ለመያዝ ዓመታት ጠበቁ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ መስፈርት ያላሟሉ ሰዎች መግባታቸው ታውቆ ዕጣው ተሰረዘ። እንደገና የወጣው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ስሙ ወጥቶ የተሰረዘበትን ሰው አስቡት። ለእናቱ ደውሎ ነግሯል። እንግዳ ጠርቷል። ከዚያ ደግሞ ደውሎ «አይደለም» ይላል። ዕቁብ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ፣ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መዝገቡን በዕቁብተኛው ሁሉ ፊት መዘርጋት ይሆን ነበር።

በ2018 ዓ.ም. ከምንም በፊት እንዲሆን የምመኘው ይህ ነው፤ መዝገቡ ይዘርጋ። ከ1997ቱ ተመዝጋቢ ስንት ቀረ? ከ2005ቱ ቁጠባውን ያላቋረጠ ስንት ነው? ስቱዲዮ የሚጠብቀው ስንት፣ ባለአንድ፣ ባለሁለት፣ ባለሦስት መኝታ የሚጠብቀው ስንት? ይህ ይታወቅና በየወረዳው ይለጠፍ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሰው ቁርጡ ይነገረው። ባለሥልጣኖቻችን ሆይ፣ አንዱን «ቤትህ በዚህ ዓመት ይደርሳል» በሉት። ሌላውን «በዚህ መንገድ አይደርስህም፤ በማኅበር ተደራጅ፣ መሬቱን እንሰጥሃለን» በሉት። አቅሙ ለዚህም የማይፈቅድለትን «በዝቅተኛ ኪራይ የሚከራይ የመንግሥት ቤት ይጠብቅሃል» በሉት። መውጣት የሚፈልገውን ደግሞ ገንዘቡን የሟሟውን ዋጋ አካክሳችሁ መልሱለት። ሰው ቁርጡን ካወቀ ሕይወቱን ያቅዳል። ልጁን የት ትምህርት ቤት እንደሚያስገባ፣ ዕቃ ይግዛ አይግዛ፣ ወደ ክፍለ ሀገር ይመለስ አይመለስ ይወስናል። የተስፋ ዳቦ የያዘ ሰው ግን ሁሉንም ነገር ለነገ ያሳድራል። አሥራ ሁለት ዓመት ያሳደሩ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ሃያ ዓመት ያሳደሩም ይኖራሉ።

2018 ዓ.ም. የአገር አቀፍ ምርጫ ዓመት ነው። በምርጫ ዓመት አዲስ ቃል ይበዛል። እባካችሁ አዲስ ቃል ስትሰሙ «የድሮው መዝገብስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ ዕቁብ የሚጀመረው አሮጌው ሲዘጋ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ይህ ስለ ቦታ ነው፤ ስለዚህች ስለ ቱሉ ዲምቱ።

ስሟ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ከፍተኛው ጫፍም በዚሁ ስም ይጠራል። የእኛይቱ ኮረብታ ስሟ ቀይ ይሁን እንጂ ዙሪያዋ ያለው ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። እዚህ የነበረው ገበሬ ጤፍና ስንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሽምብራ ያበቅልበት ነበር። መረሬ ለእህል የሚሰጠውን ያህል ለሕንፃ ይከለክላል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ተቆርጦ ወጥቶ፣ ገረጋንቲ ተሞልቶ፣ በሮለር ካልተጠቀጠቀ በስተቀር መሠረት አይሸከምም። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥተን ለም መሬት ላይ ቤት የሠራነው፣ መሃል ከተማ ያለውን ቦታ ለመልቀቅ ስለከበደን ነው። ገበሬው ካሣ ተቀበለ፤ ካሣው ግን እርሻ አይሆንም። በመንደራችን ዘበኛ ሆኖ የሚሠራ፣ የሚጠብቀው ሕንፃ የአባቱ ማሳ የነበረ ሰው አውቃለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑ ብቻ አይደለም። ወደ ፕላኑ ስመጣ ስለምፈልገው ነው።

አሁን ስለ ዕጣውና ስለ ቦታው። የዕጣው ማሽን ስም ያውቃል፤ ሰውየው የት እንደሚሠራ ግን አያውቅም። ፒያሳ ሱቅ ያላት ሴት ቱሉ ዲምቱ ይወጣላታል። እዚሁ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ገላን ፋብሪካ የሚሠራው ልጅ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያለው የካ አባዶ ይደርሰዋል። ሁለቱም በሌሊት ተነሥተው በመንገድ ላይ ይተላለፋሉ። እርሷ ወደ ሰሜን፣ እርሱ ወደ ደቡብ! ሁለቱ ቤት ቢለዋወጡ ሁለት ቤተሰብ በየቀኑ ሰዓታትና የታክሲ ገንዘብ ባተረፉ ነበር። የሚያገናኛቸው ግን የለም። የሚያደርጉት ሌላ ነው፤ እርሷ እዚህ ያለውን አከራይታ ፒያሳ አካባቢ ትከራያለች፤ እርሱ እዚያ ያለውን አከራይቶ አቃቂ ይከራያል። በመካከሉ ደላላው ከሁለቱም ኮሚሽን ይቀበላል። ሰብሳቢያችሁ «ግማሹ የተከራየ ነው» ያሉኝ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አባቶቻችን ከተማን የሠሩት በተቃራኒው ነበር። አቃቂን ተመልከቱ። የባቡር ጣቢያ ነበር፤ ባቡሩ ባለበት ፋብሪካ መጣ፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ መጣ፤ ፋብሪካው ባለበት ሠራተኛው ሰፈረ፤ ሠራተኛው ባለበት ገበያና ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተተከለ። አሮጌው አቃቂ ብዙ ጉድለት ይኖረዋል፤ ነገር ግን ሰው በእግሩ ሥራ ቦታው ይደርስ ነበር።

እዚህ ቱሉ ዲምቱም ሥራ የለም ማለት አይቻልም። ፋብሪካዎቹ በዙሪያችን ናቸው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ክፍያ በር እዚሁ ነው፤ የአገሪቱ ጭነት በደጃችን ያልፋል። ስለዚህ ይህ ቦታ ለአንዳንድ ሰው ከፒያሳ የተሻለ ሰፈር ነው። ለማን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም።

ሲንጋፖርን ብዙ ጊዜ ባለሥልጣኖቻችን በምሳሌነት ያነሷታል፤ እኔም ላንሣት። የቤቶች ልማት ቦርዳቸው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ዛሬ ከሕዝባቸው አብዛኛው የሚኖረው እርሱ በሠራቸው ቤቶች ነው። እዚያም ዕጣ አለ። ልዩነቱ ሰዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩንና የቤቱን ዓይነት መርጠው ያመለክታሉ፤ ዕጣው የሚወጣው በዚያ ሰፈር አመልካቾች መካከል ነው። ወላጆቹ ካሉበት አጠገብ መኖር ለሚፈልግ ልጅ ደግሞ ቅድሚያ ይሰጣሉ። ዕጣው የሰው ዕድል ይለያል፤ ሰፈሩን የሚለየው ባለቤቱ ነው።

እኛም ዕጣችንን ጭፍን አላደረግነውም። ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ለይተናል። ይህን መለየት ከቻልን፣ «ሥራህ የት ነው? የምትጦሪያት እናትሽ የት ትኖራለች?» ብሎ አንድ መስመር በቅጹ ላይ መጨመር አያቅተንም። ቤት ለደረሳቸውም የመለዋወጫ መንገድ ይከፈት። ባለ20/80 ቤቱን አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ የተከለከለበት ምክንያት ይገባኛል፤ ቤት የንግድ ዕቃ እንዳይሆን ነው። መለዋወጥ ግን ሽያጭ አይደለም። ዕቁብተኛ ተራ ሲለዋወጥ ዳኛው ይጽፈዋል፤ እኛም በውል ይጻፍልን ነው የምንለው።

ሦስተኛው ነገር ፕላን ነው። እዚህ ላይ በሚመጣው ዓመት ልዩ ዕድል አለን፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ስላልመሰለኝ ጊዜ ልውሰድበት።

አዲስ አበባ የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለ፣ የአሥር ዓመት ፕላን ነው። የከተማ ፕላን አዋጁ ቁጥር 574/2000 ራሱ ለመዋቅራዊ ፕላን የሚሰጠው ዕድሜ አሥር ዓመት ነው። ቁጠሩት፤ በ2019 ዓ.ም. ያልቃል። የሚቀጥለው ፕላን ከአሁን ካልተጀመረ በችኮላ ይሠራል፤ በችኮላ የሚሠራ ፕላን ደግሞ የሚሠራው ቢሮ ውስጥ ነው። 2018 ዓ.ም. ነዋሪ የሚጠየቅበት ዓመት መሆን አለበት።

ሳይጠየቅ የተሠራ ፕላን ምን እንደሚያመጣ ዓይተናል። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያስተሳስራል የተባለው የጋራ ማስተር ፕላን፣ የገበሬውን ፍርሃት ሳይሰማ ስለመጣ፣ የሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ ጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ጉዳይ ተስማሙ። በዙሪያችን ያሉት ከተሞች ሸገር ከተማ ሆነው ተዋቀሩ። እኛ ያለነው በሁለት ከተሞች ወሰን ላይ ነው። ውሃው፣ ፍሳሹ፣ ታክሲው፣ ገበያው ወሰን አያውቅም። እናንተ ጠዋት ገላን ሄዳችሁ ትሠራላችሁ፤ የገላን ልጅ እዚህ መጥቶ ይማራል። ስለዚህ የሚቀጥለው ፕላን ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድ ጠረጴዛ፣ ገበሬውም ነዋሪውም በተቀመጠበት፣ የሚሠሩት ካልሆነ ለእኛ ለዳርቻ ሰዎች አይበጀንም።

ፕላን ሲባል ብዙ ሰው ባለቀለም ካርታ ይመስለዋል። እኔ ፕላን ምን እንደሆነ የተማርሁት ካርታ ላይ አልነበረም። በአንድ ሳይት ተቆጣጣሪ ሳለሁ፣ ሕንፃው ተጠናቆ፣ የውሃ መሥመሩ በየቤቱ ተዘርግቶ፣ ቧንቧው ተገጥሞ ነበር። ከዋናው መሥመር የሚመጣው ውሃ ግን ገና አልደረሰም። ሰዎቹ ገቡ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ ጀሪካን ይዛ አራተኛ ፎቅ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ «ወንድሜ፣ ቧንቧውን ለምን ገጠማችሁት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በእኔ መዝገብ ያ ሕንፃ 100 በመቶ ተጠናቋል ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ፊርማውም የእኔ ነው። ያች ሴት ከተናገረችኝ ወዲህ «ተጠናቀቀ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው የምጠቀምበት።

ቱሉ ዲምቱም ይህን ታውቃለች። ከተማዋን የሚያጠጡት የአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች በዚሁ ክፍለ ከተማ ናቸው፤ በፈረቃ ውሃ የሚጠብቁ ብሎኮችም በዚሁ ናቸው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ላይ ቆመ። ቤቶቹ ግን ቃሊቲን አልፈው እዚህ ደረሱ። የቃሊቲ–ቱሉ ዲምቱ መንገድ ዘግይቶም ቢሆን ሰፍቶ ተሠርቷል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን መንገድ ሲሰፋ የሚመጣው መኪና ነው፤ ሐዲድ ግን ሰውን በሥራ ሰዓቱ የሚያደርስ ባቡር ይዞ ይመጣል። የሚቀጥለው ፕላን ሐዲዱ ወዴት እንደሚቀጥል ሳይነግረን ቤት የሚሠራበትን ቦታ ቢነግረን ያንኑ ስህተት ደገምን ማለት ነው።

ሌላም መሠረታዊ ነገር አለ። አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የተቆጠረው 2.7 ሚሊዮን ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ቱሉ ዲምቱ ያን ጊዜ ማሳ ነበረች። ያልተቆጠረ ሰው ትምህርት ቤት አይሠራለትም፤ ሐኪም አይመደብለትም። ፕላኑ ቢያንስ የዳርቻ ሰፈሮችን ቤት ለቤት ቆጥሮ ይጀምር።

ከመሃል ከተማ በኮሪደር ልማት ተነሥተው ወደዚህ አቅጣጫ ስለመጡት ወገኖቻችንም አንድ ነገር ልበል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአሮጌ ሰፈሮች የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ክፍለ ከተማ፣ በገላን ጉራና በሌሎችም ቦታዎች ሰፍረዋል። ያገኙት ቤት ከለቀቁት የቀበሌ ቤት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መሃል ከተማ ካዛንቺስ በሯ ላይ ቡና ስታፈላ የኖረች ሴት ደንበኞቿን ይዛ አልመጣችም። እንጀራ የምታቀርብላቸው ምግብ ቤቶች እዚያ ቀርተዋል። እነዚህን ሰዎች በዕድራችሁ ተቀበሏቸው። የመመዝገቢያውን ክፍያ ቀስ ብለው እንዲከፍሉ አድርጉ። እናንተ ከዓመታት በፊት ባዶ ሜዳ ላይ ስትወርዱ ምን እንደተሰማችሁ የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

አራተኛው ለተከራዮችና ለአከራዮች ነው፤ ይህን በአጭሩ ልናገር፤ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ስለሆነ ብዙ ክርክር አይፈልግም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ተመዝግቦም ይጽና ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው። «ደላላው ነው የጨመረው» የሚባል ነገር በሕግ የለም። አከራይ የሆናችሁ ደግሞ ሕጉን እንደ ጠላት አትዩት፤ የተመዘገበ ውል የማይከፍል ተከራይን ፍርድ ቤት ለማቅረብም መሣሪያ ነው።

ሆኖም ኪራይን መቆጣጠር ቤትን አይጨምርም። ተከራዩን የሚያሳርፈው የሚከራይ ቤት ሲበዛ ነው። እኔ የማምነውን በግልጽ ልናገር፤ የአዲስ አበባ አብዛኛው ወጣት በሚቀጥሉት ዓመታት ቤት አይገዛም፤ ይከራያል። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ለተከራይ የሚሆን ቤት ማንም አቅዶ አለመሥራቱ ነው። በቅርቡ የወጡት ሕጎች፣ የሪል ስቴት አዋጁም፣ የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የፈቀደውም፣ የንብረት ታክሱም፣ ገንዘብ ላለው ሰው በር ይከፍታሉ፤ ግብርም ይሰበስባሉ። ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ለምትሠራው ልጅ ግን ያዘጋጁት ክፍል የለም። ዛሬ እርሷ ባለሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ከስድስት ጓደኞቿ ጋር ተጣብባ ታድራለች። ከንብረት ታክሱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለእርሷ የሚከራይ ቤት ቢሠራበት፣ ግብር ከፋዩም በደስታ በከፈለ ነበር።

ስለ ብድር አንድ ቃል ብቻ። ለቤት ተብሎ የተቋቋመው የመንግሥት ባንካችን ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆኖ ኖሮ በ2008 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ውስጥ ገባ። በ2014 ዓ.ም. ጎህ ቤቶች ባንክ ሥራ ሲጀምር ለቤት የቆመ ባንክ እንደገና አየን። አንድ ባንክ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አይበቃም። በማኅበር ያደራጀነው ሰው የረጅም ጊዜ ብድር ካላገኘ መሬቱን ይዞ ቆርቆሮ አጥር ያጥርበታል እንጂ ቤት አይሠራበትም።

እንግዲህ በሚመጣው ዓመት ምን ትጠብቃለህ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔ እንደ ድሮው መንግሥት ተበድሮ በአስር ሺዎች ኮንዶሚኒየም የሚያፈስበት ዓመት አልጠብቅም። ከግል አልሚዎች ጋር በሽርክና የሚሠራው ይቀጥላል፤ የማኅበር ቤቱ በዝግታ ይሄዳል፤ ኮሪደሩም ይሰፋል። ቤት በድንገት የማይበዛ ከሆነ፣ በእጃችን ያለው ነገር ሥርዓት ማስያዝ ነው። መዝገቡን መዘርጋት፣ ቁርጥ መናገር፣ መለዋወጥን መፍቀድ፣ ፕላኑን ከነዋሪው ጋር መጀመር፤ እነዚህ ሲሚንቶ አይፈጁም።

አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የዕድራችሁ ጸሐፊ በር ላይ ባለመቶ ገጽ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል፤ ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። ስትወጡ አምስት ነገር አስጽፉ። ስማችሁን አንፈልግም፤ የብሎክ ቁጥራችሁ ይበቃል። ተመዝጋቢ ከሆናችሁ በ1997 ነው ወይስ በ2005፣ የምትጠብቁት ባለስንት መኝታ ነው፣ አሁን የምትኖሩበት ቤት የራሳችሁ ነው ወይስ የኪራይ፣ የምትሠሩት የት ሰፈር ነው፣ መለዋወጥ ቢፈቀድ ወደየት ትሄዱ ነበር? ከጥቅምት በፊት ሁለት ኮፒ አስደርገን አንዱን ለወረዳው፣ አንዱን ለፕላን ባለሙያዎቹ እንወስዳለን። ሌሎች ሳይቶች ላይ ያሉ ዕድሮችንም አነጋግሬያለሁ፤ የካ አባዶ ያሉት ደብተራቸውን ባለፈው እሑድ ከፍተዋል።

እናቶች ቅድሚያ ያስጽፉ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።